ባለከሉ እና አንገቱ ላይ ጠባሳ ያለው ሰው

ደራሲዋ ፍርሃት እየሸጠች የምታድር ሴት ነበረች። ዓርብ ዓርብ አመሻሽ ላይ በሬዲዮ የሚተላለፈውን ተከታታይ ድራማ የምትጽፈው እሷ ናት። የድራማው ጀግና ስም የለውም፤ ሰው ሁሉ ባለከሉ ይለዋል። ታናሽ ወንድሙን ወንበዴ ገድሎበት፣ የሐዘን ከሉን፣ ጥቁር ጨርቁን፣ ፊቱ ላይ አስሮ፣ ፖሊስ ያልደረሰባቸውን እየደረሰባቸው የሚቀጣ ሰው ነው። ባለከሉ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው ዝግ ያለ ኮቴ ነው፤ ከዚያ "የት ትደርሳለህ?" የሚል ጎርናና ድምፅ። ይህን ጊዜ ባለሱቁ ሚዛኑን ያቆማል፣ ሹፌሩ መስኮቱን ይዘጋል፣ ተኳርፈው የዋሉ ባልና ሚስት ሳይቀሩ ለግማሽ ሰዓት ይታረቃሉ።

እሷ ራሷ ግን በረሮ ስታይ ወንበር ላይ የምትወጣ ፈሪ ናት። "ይህን ሁሉ ጉድ ከየት ታመጪዋለሽ?" ሲሏት "ከፍርሃቴ" ትላለች። ሰው ይስቃል። እውነቷን ነበር።

የምትኖረው ከእናቷና ከታላቅ ወንድሟ ጋር ነው። እናቷ ባለፈው ክረምት ከገበያ ስትመለስ አንድ ሰው ከኋላዋ ገፍትሮ ቦርሳዋን ነጥቋት ሄደ። ቦርሳው ውስጥ መነጽሯና የበር ቁልፏ ብቻ ነበሩ። አወዳደቋ ግን ክፉ ሆኖ ዳሌዋ ተሰበረ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ መስኮቱ ሥር ከተዘረጋው አልጋዋ የምትነሣው ሰው ደግፏት ነው። የሚደግፋት ልጇ ነው። እሱ ሊፍት ይጠግናል፤ የከተማውን ፎቆች ጣሪያ ቁልፍ በአንድ ትልቅ ቀለበት አንጠልጥሎ ይዞራል። እህቱ "ወንድም ጋሼ" ትለዋለች፤ እሱም ይኸው አድጋ፣ ጠጉሯ ሸብቶ እንኳ "ሚጣ" ይላታል። ድሮ ቀልደኛ ነበር። እናቱ ከወደቀች በኋላ ግን ሳቁ ጠፋ። ይሠራል፣ ይበላል፣ እናቱን ያገላብጣል፣ ይተኛል። ቤተሰቡ ሐዘን ነው ብሎ ተወው።

እሑድ እሑድ ደራሲዋ የጻፈችውን ይዛ እናቷ አልጋ አጠገብ ትቀመጥና ታነብላቸዋለች። እነሱ ሳይሰሙት ለማንም አትሰጥም። እናቷ ሲደብራት ታንቀላፋለች፤ ያን ጊዜ ደራሲዋ ያንን ገጽ ትሰርዘዋለች። ወንድሟ ጥግ ላይ ሆኖ ጫማውን እየወለወለ ያዳምጣል። አስተያየት አይሰጥም።

ዓመት ሙሉ የሬዲዮው አዘጋጅ ሲጨቀጭቃት ከርሟል። "ባለከሉ አንድ ቀን መግደል አለበት" ይላል። "የወንድሙን ገዳይ እስከ መቼ ያሳድደዋል? አድማጭ ሰለቸው።"

"ከገደለ ከወንበዴው በምን ይለያል?" ትለዋለች።

"በጭምብሉ" ይልና ይስቃል።

በመጨረሻ እጅ ሰጠች። ያን ሳምንት የመዝጊያዎቹን ሁለት ክፍሎች አንድ ላይ ጽፋ እሑድ አነበበች። በመጀመሪያው ባለከሉ አንድ ኪስ አውላቂ ይዞ ጣቶቹን ይሰብራል። በሁለተኛው የወንድሙን ገዳይ፣ አንገቱ ላይ የእሳት ጠባሳ ያለበትን ሰው፣ ፎቅ ጣሪያ ላይ አውጥቶ ይለቀዋል። አንብባ ስትጨርስ እናቷ "እሰይ፣ የእጁን ነው ያገኘው" አለች። ወንድሟ የጫማውን ብሩሽ አስቀመጠ።

"የጣሪያውን እንደገና አንብቢልኝ" አለ።

ደራሲዋ ደስ አላት። ወንድሟ "ድገሚ" ሲል የመጀመሪያው ነበር። ደገመችለት።

ከዚያ በፊት አንድ ወሬ ነበር። አንድ ሌባ የመብራት እንጨት ላይ ታስሮ፣ ራሱ በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሎ ተገኘ። ከተማው በሳቅ ሞተ። አዘጋጁ ፎቶውን ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ደራሲዋም ፈገግ ብላ ነበር፤ የሰው ልጅ ነገር ሆኖ ሥራው ከወረቀት ወጥቶ ሲሄድ ሲያይ ትንሽ ኩራት አያጣውም።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱንም ክፍሎች ሊቀርጹ ስቱዲዮ ተሰበሰቡ። ድምፅ ሠሪው ጠረጴዛው ላይ ዕቃውን ደርድሯል። እርጥብ ፎጣ ውስጥ ደረቅ መኮሮኒ ጠቅልሎ ይዟል፤ ማይክሮፎኑ አጠገብ ቀጭ ሲያደርገው የጣት አጥንት ሲሰበር ይመስላል። ደራሲዋ ይህን ድምፅ በሰማች ቁጥር የራሷን ጣቶች ብብቷ ውስጥ ትወሽቃለች። ያን ቀንም እንደዚያው አድርጋ ቆማ ሳለ አዘጋጁ ስልኩን ከፍ አድርጎ እየሳቀ ገባ።

"ስሙማ፣ እኛኮ ከዜናው ቀደምን። ትናንት አንድ ሰው ታክሲ መያዣው ጀርባ ወድቆ ተገኝቷል፤ የቀኝ እጁ ጣቶች በሙሉ ተሰባብረዋል። አንገቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ ታስሯል። ነገ ይኼ ክፍል ሲተላለፍ ከተማው ያብዳል።"

ሁሉም ተንጫጫ። ደራሲዋ እጇን ከብብቷ አውጥታ ጽሑፉን ገለጠች። የጣቶቹ ነገር የተጻፈው ገና በወረቀት ላይ ነው፤ ሬዲዮ ላይ አልዋለም። ጨርቁን ማንም አድማጭ ያውቀዋል፤ ጣቶቹን ግን ጽሑፉን ያየ ሰው እንጂ ሌላ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ድምፅ ሠሪውን አየችው። ዝምተኛ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው፤ እጆቹ ጠንካራ ናቸው። ሰው ሲወጣ ጠብቃ ጠጋ አለችው።

"ጽሑፉ መቼ ነው የደረሰህ?"

"ዛሬ ጠዋት ነዋ። ራስሽ አይደለሽ እንዴ የሰጠሽኝ? መኮሮኒውን እንኳ የገዛሁት ካነበብኩት በኋላ፣ ታች ካለው ሱቅ ነው።" ቀና ብሎ አያት። "ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ። ታመምሽ?"

"አይ፣ ደኅና ነኝ።"

ደኅና አልነበረችም። የሰውየው ጣቶች የተሰበሩት ትናንት ነው። አዘጋጁም፣ ተዋናዮቹም፣ ድምፅ ሠሪውም ወረቀቱን ያዩት ዛሬ ነው። ከዛሬ በፊት የሰሙት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ ከአልጋ መነሣት አትችልም። ደራሲዋ የምታውቀውን ነገር ላለማወቅ የምትችለውን ሁሉ ሞከረች። ወንድም ጋሼ እኮ አይጥ በወጥመድ ስትያዝ ወደ ሜዳ ወስዶ የሚለቅ ሰው ነው። ትናንት ማታ አምሽቶ መግባቱ ትዝ አላት። "ሊፍት ውስጥ ሰው ታስሮ ነበር" ብሎ እጁን ለረጅም ጊዜ ታጠበ። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አላት፤ "የጣሪያውን እንደገና አንብቢልኝ።"

ቦርሳዋን እንኳ ሳታነሣ ወጣች።

ቤት ስትደርስ እናቷ ብቻዋን ነበረች። ደራሲዋ ትንፋሿን ለመሰብሰብ በሩ ላይ ቆመች።

"ወንድም ጋሼስ?"

"ሥራ ሄዷል። የጥርስ ሐኪሙ ፎቅ ላይ ሊፍት ተበላሽቷል አለኝ። ዛሬ ደግሞ ጉንጬን ስሞኝ ነው የሄደው" አለች እናቷ ደስ ብሏት። "'እማዬ፣ ከዛሬ በኋላ ታርፊያለሽ' አለኝ። ምን ሊገዛልኝ ነው?"

ደራሲዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "እማዬ፣ ስለዚያ ስለገፋሽ ሰውዬ ጠይቆሽ ያውቃል?"

"ይጠይቀኛል እንጂ። ሌት ተቀን ነው። 'ምን ይመስላል? ቁመቱስ? ምልክት የለውም?' መድኃኒቴን ውጬ ልተኛ ስል እንኳ አይተወኝም።"

"ምን አልሽው?"

እናቷ ብርድ ልብሷን ማስተካከል ጀመረች።

"እማዬ።"

"አንገቱ ላይ የእሳት ጠባሳ ነበረው አልኩት።"

ደራሲዋ ያንን ጠባሳ ታውቀዋለች። ከዓመት በፊት፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ሻይ እየጠጣች ነው የፈጠረችው። መጀመሪያ ጉንጩ ላይ አድርጋው ነበር፤ ኋላ ኮሌታ ሊሸፍነው እንዲችል ብላ ወደ አንገቱ አወረደችው።

"እማዬ፣ እውነት አይተሽዋል?"

"ከኋላ ነው የገፋኝ" አለች እናቷ ድምፅዋ አንሶ። "ስወድቅ ያየሁት አስፋልቱን ነው። ሲጨቀጭቀኝ ጊዜ አንድ ነገር ልበለውና ይረፍ አልኩ። ሌላ ምን ይታየኛል? ከሬዲዮው የሰማሁትን አልኩት። ምነው፣ ምን ሆነ?"

ደራሲዋ የእናቷን ስልክ አንሥታ እጇ ውስጥ አስጨበጠቻት። "ስደውል አንሺ። በጌታ ይዤሻለሁ፣ ከእጅሽ እንዳትለይው።"

የጥርስ ሐኪሙ ፎቅ ሩቅ አይደለም፤ ያን ዕለት ግን መንገዱ አላልቅ አላት። ሊፍቱ በር ላይ በወንድሟ የእጅ ጽሑፍ "በጥገና ላይ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ደረጃውን ያዘች። በየፎቁ ሰው ሥራውን ይሠራል፤ አንዱ ቢሮ ውስጥ ሰው ይስቃል፣ ከሐኪሙ ክፍል የመሰርሰሪያው ጩኸት ይሰማል፣ አንዲት ሴት ጉንጯን ይዛ ተራዋን ትጠብቃለች። ከላያቸው ምን እየተደረገ እንደሆነ አንዳቸውም አያውቁም። "ድረሱልኝ" ብላ መጮህ አማራት። ምን ብላ? ወንድሜ ሰው ሊገድል ነው? የመጨረሻውን ደረጃ በእጇ ጭምር ነው የወጣችው።

የጣሪያው በር ገርበብ ብሏል። ነፋስ አለ። ከውኃ ታንከሮቹ ወዲያ፣ አጥሩ ዝቅ ባለበት፣ አንድ የጽዳት ሠራተኛ ሰማያዊ ቱታውን እንደ ለበሰ የግንቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ እጆቹ የፊጥኝ ታስረዋል። ኮሌታው ተገልጦ አንገቱ ላይ ያለው የተጨማደደ የእሳት ጠባሳ ይታያል። ደረቱን ጨብጦ የያዘው ሰው ፊቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኗል። ጨርቁን አወቀችው፤ አባታቸው የሞተ ጊዜ እናታቸው ዓመት ሙሉ የለበሰችው ቀሚስ ቁራጭ ነው። ከጨርቁ ውስጥ የሚወጣው ግን የወንድሟ ድምፅ አልነበረም። ጎርናና ነው፣ እሷ የጻፈችለት ድምፅ።

"አሮጊት መግፋት ትችላለህ? እስኪ አሁን አንተ ስትገፋ ልይ።"

"ወንድም ጋሼ" አለች።

ትከሻው ደነገጠ እንጂ አልዞረም። "ሚጣ፣ ውረጂ። ይኼ አንቺ የምታዪው ነገር አይደለም።"

"እሱ አይደለም። ልቀቀው… አይ፣ እንዳትለቀው። ወደዚህ ሳበው።"

"ጠባሳውን አላየሽም? ሰሞኑን እዚሁ ሊፍት ውስጥ አብሮኝ ቆሞ ነው ያገኘሁት። እማዬም ነግራኛለች፣ አንቺም ጽፈሽዋል።"

"ጠባሳው የኔ ነው" አለች ደራሲዋ። አንድ እርምጃ ጠጋ አለች፤ ወደ ታች ላለማየት ዓይኗን ከጀርባው ላይ አልነቀለችም። "እኔ ነኝ የሠራሁት። እማዬ ከሬዲዮ ሰምታ ነው የነገረችህ። ሰውዬውን አላየችውም።"

"ልታድኚው ነው የምትዋሺው። አንቺ ሁሌም ሆደ ቡቡ ነሽ። ባለከሉ እንኳ እንዲገድል ዓመት ለምነውሽ ነው።"

"ባለከሉ የማይሳሳተው ብልህ ስለሆነ መሰለህ?" አለች። "እኔ ስለምሠራለት ነው። ጥፋተኛውን አስቀድሜ ጥፋተኛ አድርጌ ፊቱ አስቀምጥለታለሁ። ቢሳሳትም እሰርዝለታለሁ። አንተን ማን ይሰርዝልሃል፣ ወንድም ጋሼ?"

ታስሮ የተቀመጠው ሰው አልጮኸም። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ደራሲዋ ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ወደ ፊት ዘረጋችው። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። እናቷ ከእጇ አስቀምጣዋለች ብላ ነፍሷ ልትወጣ ስትል ተነሣ።

"ሃሎ?"

"እማዬ፣ ወንድም ጋሼ እዚህ አለ። ለኔ የነገርሽኝን ንገሪው።"

ዝም አለች። ነፋሱ ብቻ ይሰማል። ደራሲዋ ያን ዝምታ በዕድሜዋ ሙሉ አትረሳውም፤ አሮጊቷ ልጇ ፊት ውሸታም ከመባል ዝም ማለትን ልትመርጥ ትችላለች፤ ዝም ካለች ደግሞ ያ እጅ ይለቃል።

"እማዬ፣ እባክሽ።"

"ልጄ" አለች እናቷ በመጨረሻ። "አላየሁትም። ምኑንም አላየሁም። አንተ እንድትተኛ ብዬ ነው። ተቆጣኸኝ እንዴ?"

ጨርቁን የለበሰው ሰው ዞሮ ስልኩን አየ። ከዚያ ሰውየውን በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ውስጥ ሳበውና ሁለቱም አንድ ላይ ሲሚንቶው ላይ ወደቁ። ወንድሟ ጨርቁን ከፊቱ አላወረደም። እዚያው ውስጥ ሆኖ ያለቅስ ጀመር። ደራሲዋ ገመዱ ጠብቆ አልፈታ ቢላት በጥርሷ ፈታችው።

የጽዳት ሠራተኛው መቆም አቃተው። ትከሻዋ ላይ አስደግፋ በደረጃው ስታወርደው አንዱ መታጠፊያ ላይ ተቀመጠ።

"እህቱ ነሽ?" አላት።

"አዎ።"

"ይኼ ጠባሳ ልጅ ሆኜ የፈላ ዘይት ተደፍቶብኝ ነው።" ላቡን ጠረገ። "እኔ ድራማውን አንድ ሳምንት አላሳልፍም። ዕቃ አግዘኝ ብሎ ጣሪያ ላይ አውጥቶኝ፣ ጨርቁን ሲያስር ሳይ መጀመሪያ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? አንድ ክፉ ሰው እዚህ ተደብቆ ኖሮ ባለከሉ ሊያድነኝ መጣ አልኩ። ደስ አለኝ።"

ደራሲዋ እጁን ትከሻዋ ላይ መልሳ ጣለችና አስነሣችው።

ወንድሟ በዚያው ቀን በገዛ እግሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ፤ እሷም አብራው ሄደች። የመብራት እንጨቱንም፣ የጣቶቹንም፣ የጣሪያውንም ነገር አንድ በአንድ ተናገረ። ጣቱ ስለተሰበረው ሰው ሲጠየቅ "ሲሮጥ ያዝኩት፤ ሰው 'ሌባ፣ ሌባ' ይል ነበር" አለ። መርማሪው መዝገቡን ገለጠ። ሰውየው ልብስ ሰፊ ነው፤ ኪሱ ውስጥ የሌላ ሰው ዕቃ አልተገኘም፤ ሰረቀኝ ብሎ የመጣ ሰውም የለም። ሌባውን እያሳደደ ይሩጥ፣ ራሱ ሌባው ይሁን፣ ወይም ታክሲ ሊደርስበት ይሩጥ፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ወንድሟ ይህን ሲሰማ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እንደ ባዕድ ዕቃ አያቸው።

ደራሲዋ አዘጋጁ ዘንድ ሄዳ ሁለቱም ክፍሎች እንዳይተላለፉ ለመነችው። የሆነውንም ነገረችው። አዘጋጁ ሰምቶ ሲያበቃ ፊቱ ነጣ፤ ግን "ተቀርጿል እኮ" አለ። ባለከሉ ተሳስቶ ንጹሕ ሰው የሚይዝበትን፣ ጨርቁንም ፈትቶ እጁን የሚሰጥበትን ሌላ መዝጊያ ሌሊቱን ሙሉ ጽፋ አመጣች። አነበበውና በሁለት ጣቱ ወደ እሷ መለሰው። "ይህን ሰው አይሰማውም" አለ። ቀጣዩን ዓመት ሌላ ሰው እንዲጽፈው ተደረገ።

የጣሪያው ክፍል በተላለፈበት ዓርብ ደራሲዋ ወንድሟን ማረፊያ ቤት ጠይቃ በታክሲ ስትመለስ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ሹፌሩ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ወሬ ቆመ። ዝግ ያለው ኮቴ ተሰማ። "የት ትደርሳለህ?" አለ ጎርናናው ድምፅ። ደራሲዋ እያንዳንዱን ቃል ቀድማ ታውቀዋለች፤ ሆኖም እንደ ሰው ሁሉ ትንፋሿን ይዛ ነበር። ከዚያ ጩኸቱ መጣ፤ ከላይ ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄድ ጩኸት። አንዲት እናት የልጇን ጆሮ ሸፈነች። አጠገቧ የተቀመጠው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ለአሮጊት ቦታ ለቅቆ የነበረ ጨዋ ሰው፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ፣ "ይገባዋል" አለ ቀስ ብሎ። ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን አየቻቸው። ደኅና፣ ሥራ የለመዱ እጆች ናቸው።

"ወራጅ አለ" አለች። ቤቷ ገና ሩቅ ነበር።

ሰፈሯ ስትደርስ መሽቷል። እናቷ ነቅታ ጠበቀቻት፤ ሬዲዮው ተዘግቶ ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሯል።

"ወንድምሽ ምን አለ?" አለች እናቷ።

"ይበላል። ይተኛል። ሰላም በያት ብሎሻል።"

እናቷ ራሷን ነቀነቀች። ሰው በመስኮቱ ሥር እያፏጨ አለፈ።

"በሩን ቆልፈሽዋል?"

"ቆልፌዋለሁ፣ እማዬ።"

"እስኪ እንደገና እዪው።"

ደራሲዋ ተነሥታ ሄዳ አየችው።